የግድግዳ ዕዳ

በአማርኛ እስር ቤትም ቤት ነው። ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጸሎት ቤት እንደምንለው ሁሉ፣ ሰው ያለ ፈቃዱ የሚዘጋበትንም ስፍራ በዚያው በተከበረ ስም እንጠራዋለን። ቋንቋው እዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ትቶልናል። ግድግዳና ጣሪያ ሁለቱም አላቸው፤ ታዲያ አንዱን መኖሪያ፣ ሌላውን መታሰሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «የዘጋው ሰው ሐሳብ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ለክፋት የዘጋ አሰረ፤ ለደግ የዘጋ አስጠለለ። እኔ በበኩሌ ይህ መልስ አይበቃም ባይ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በሕክምና ስሠራ፣ በክፋት ከተዘጋባቸው ይልቅ በፍቅር ተዘግቶባቸው የታመሙትን እጅግ አብዝቼ አይቻለሁ።

ጥያቄውን የማነሣው ግን በአንዲት ኤሊ ነው። አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም።

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ከኦሊምፒክ ቡለቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ መሰየሙ ይታወቃል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘንድ አንዲት የኤሊ ጫጩት በጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። የጓደኛዋ ቤተሰብ፣ በጓሯቸው የሚኖሩት ትልልቅ ኤሊዎች የጣሉት ከሃያ በላይ ዕንቁላል በአንድ ጊዜ ተፈልፍሎባቸው፣ ለሚወስድላቸው ሁሉ ያድሉ ነበር። ጫጩቷ ክብደቷ አርባ ግራም ያህል፣ ርዝመቷም አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ፆታዋ ለዓመታት አይለይም፤ አማርኛችን ግን ትንሽን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት ስለሚወድ እኔም «እሷ» እላለሁ። በእኛ ሰፈር ሐኪም የሆነ ሰው ስለ ግብርም፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስም ይጠየቃልና፣ የኤሊዋም ጉዳይ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ።

ወገኗ ሱልካታ ይባላል። የሚኖረውም ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ፣ በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ ሣህል በሚባለው ደረቅ ምድር፣ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድረስ ነው። ከደሴት ውጭ በአህጉር ላይ ከሚኖሩት የየብስ ኤሊዎች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ የሚበልጡት የጋላፓጎስና የአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ብቻ ናቸው። በትውልድ አገሩ እየመነመነ ሄዶ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ተራ ተመድቧል፤ በካሊፎርኒያ ጓሮዎች ግን በዝቶ ተረካቢ አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት በሮች ተዘግተዋል። በማርች ወር የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር፣ ከብት የሚፈጅ በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ይዞ ይገባል በማለት ይህን ኤሊ ወደ አገር ማስገባትን ከለከለ፤ በዚያው ዓመትም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ከዱር የተያዘውን ለንግድ የመላክ ኮታ ዜሮ ተደረገ። እንግዲህ ዛሬ እዚህ የምትገኝ ጫጩት እዚሁ የተወለደች ናት፤ ወላጆቿም ብዙውን ጊዜ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ይህን ሁሉ ወደ ስደተኛ ምሳሌ መለወጥ እጅግ ቀላል ነው። ወዳጄም ወዲያው ለወጠው፤ «የአገሬ ልጅ» አላት። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

ወዳጄ ለአገሩ ልጅ አገር ሊሠራላት ተነሣ። የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሣጥን ገዛ፤ ወለሉን በደረቅ አሸዋ ሞላው፤ ከበስተኋላው የአፋርን በረሃ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለጠፈ። «የበረሃ ፍጥረት ናት፤ ውኃ አይስማማትም» ብሎ የውኃ ሳሕኗን በጣም ትንሽ አደረገ። ፀሐይ እንድታገኝ ሣጥኑን ከመስኮቱ ሥር አኖረው። ብቻዋን እንዳይከፋትም ሌላ ጫጩት ሊያመጣላት አሰበ። ሣጥኑ ያለበት ሳሎን ደግሞ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ነው። የሰውየው ልብ ምን ያህል መልካም እንደ ነበረ ለማየት ያንን ሣጥን አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከዚህ ሁሉ ዝግጅት ለጫጩቷ የሚበጃት አንድም አልነበረም።

ከውኃው ልጀምር። ሣህል ደረቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሱልካታ ቆፋሪ ፍጥረት ነው። ከቀትር ሐሩር የሚሸሸው ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ በሚዘልቅ ጉድጓድ ሲሆን፣ ከላይ አፈሩ ሲነድ ከታች ያለው አየር ርጥበት አለው። ፎቶግራፍ አንሺው የሚያነሣው የላዩን ነው። አሳዳጊዎችም ለብዙ ዓመታት የላዩን አይተው ጫጩቶችን በደረቅ ሣጥን ያሳድጉ ነበር፤ የጫጩቶቹም ድንጋይ ለስላሳ ሆኖ በማደግ ፈንታ እንደ ትንንሽ ፒራሚድ እየጎበጠ ይወጣል። ሰበቡ ለምግቡ ይሰጥ ነበር፤ ፕሮቲን በዛ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቪየና የሚሠሩ ሁለት የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ገና የተፈለፈሉ ሃምሳ ሱልካታዎችን ለአምስት ወር በተለያየ ርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን አሳድገው ውጤቱን አሳተሙ። ድንጋዩን በዋናነት ያጎበጠው የአየሩ ድርቀት ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጫጩቶቹን ለአገራቸው ታማኝ ነን ባሉ ሰዎች እጅ የጎዳቸው፣ አገራቸውን ከሩቅ የማወቅ ጣጣ ነው።

ስለዚህ አሸዋው ወጣ። ከምግብ ጋር እየተዋጠ አንጀት ይዘጋልና መውጣት ነበረበት። በምትኩ ኦርኪድ አበባ የሚተከልበት ዓይነት ደቃቅ የዛፍ ቅርፊት በውኃ ርሶ ተነጠፈ። የጥድ ሰጋቱራ፣ መዓዛው ለእኛ አገር ቢያስታውሰንም፣ ዘይቱ ለእሷ መርዝ ነውና አይሆንም። ሣጥኑ በሌላ ተተካ፤ አንድ ሜትር ከሃያ በስድሳ ሳንቲ ሜትር፣ ርጥበቱ እንዳያመልጥ ከላይ የሚከደን። ርጥበቱ ሰማንያ በመቶ አካባቢ ይጠበቃል፤ ሙቀቱ ሌሊትም ቢሆን ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይወርድ ተርሞስታት ያለው ማሞቂያ ገባ። ርጥበትና ብርድ ከተገናኙ ሳንባዋን ይይዟታል። በአንደኛው ጫፍ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሌላው ጫፍ መደበቂያ አለ። ደሟ ሙቀቱን ከውጭ የሚለምን ነውና፣ መሞቅና መቀዝቀዝን ራሷ እንድትመርጥ ሁለቱም ሊኖሩላት ይገባል። በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትቀመጣለች።

መስታወቱም ነገር አለው። ኤሊ መስታወት ምን እንደ ሆነ አይገባትም፤ ከማዶ የሚታየው ሁሉ መንገድ ይመስላትና ቀኑን ሙሉ ስትገፋውና ስትቧጭረው ትውላለች። የማያሳይ ግድግዳ ግን ግድግዳ መሆኑን ተረድታ ዘወር ትላለች። መስታወት የሚመረጠው እኛ እንድናያት ነው። የአዲሱ ሣጥን ጎኖች በዚህ ምክንያት ደፋን ሆኑ፤ የአፋሩም ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከመጀመሪያውም የተለጠፈው ለወዳጄ ነበር።

ሁለተኛ ጫጩት ማምጣቱን በምን ቸገረኝ ለማስቀረት አልተቻለም። ብቻውን መብላትን እንደ ነውር በምንቆጥር ሕዝብ መካከል «ለብቻዋ ትሻላለች» ማለት ጨካኝ ያሰኛል። ሆኖም ሁለት ጫጩቶች በአንድ ሣጥን ሲኖሩ፣ ጠብ ሳይታይ፣ አንዱ ሙቁን ስፍራና ምግቡን ይይዛል፤ ሌላው ማደጉን ያቆማል። ዕጣኑን በተመለከተ፣ ኤሊ እንደ እኛ ያለ ድያፍራም ስለሌላት ስላ ማውጣት አትችልም፤ ወደ ሳንባዋ የገባ ጢስና አክታ በዋዛ አይወጣም። ቡናው ከቦታው አልተነቀነቀም፤ ሣጥኑ ወደ ልጅቷ ክፍል ተዛወረ። እጅ መታጠብን ደግሞ በምክር መልክ አላቀረብሁትም፤ አዘዝሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ድንጋያቸው ከአሥር ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎችን መሸጥ የከለከለችው፣ ሳልሞኔላ ብዙ ሕፃናትን ስላሳመመ ነው። በእጃችን የምንበላና የምንጎራረስ ሰዎች ከማንም በላይ ልንፈራው ይገባል። ገንዳዋም ጎመን በሚታጠብበት ማጠቢያ አይታጠብም።

ምግቧ ሣር ነው፤ ከዚያም የሂቢስከስ ቅጠል፣ አልፎ አልፎም የበለስ ቅጠል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ትግራይ ውስጥ የአገር ፍሬ የሆነው በለስ ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ የሣህል ኤሊ በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮን በለስ ስትበላ ወዳጄ «የአገሯን ምግብ አገኘች» ይላል። እኔም አላርመውም።

የመስኮቱ ነገር ግን ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ክፍል አልትራቫዮሌት ቢ ይባላል፤ ሞገዱም ከ290 እስከ 315 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ለዐይን አይታይም። ተራ የመስኮት መስታወት የሚታየውን ብርሃንና ሙቀቱን እያሳለፈ ይህን ያስቀረዋል። ከመስኮት ሥር የተቀመጠች ጫጩት ፀሐይ ላይ ያለች ትመስላለች፤ ሙቀቱ ይሰማታል፣ ጥላዋ ይታያል፤ አጥንቷ ግን ጨለማ ውስጥ ነው። ካልሲየም ብትበላም አይዋሐዳትም፤ ድንጋዩ እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል፤ እግሮቿ ይጣመማሉ። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ረጅም መብራት እንኳ ወራት ሲቆይ፣ ለዐይን እንደ በፊቱ እየበራ፣ የማይታየውን ክፍል መስጠት ያቆማል። ስለዚህ ሳይቃጠል በየጊዜው ይለወጣል። የልጅቷ አባት «እየበራ እንዴት ይጣላል?» ብሎ ሲከራከረኝ፣ የሕክምና ሕይወቴ ግማሹ በዚህ ክርክር እንዳለፈ ትዝ አለኝ።

ይህ በሽታ በኤሊ የተለየ ስም ቢሰጠውም፣ በሕፃናት ሪኬትስ ከምንለው ጋር አንድ ነው። እኔ እ.ኤ.አ. በ1988 ለትምህርት ሌኒንግራድ ስገባ፣ በበረዶው ወራት ቀን የሚባለው ጥቂት ሰዓት ነበር። በአንድ የሕፃናት መዋያ ያየሁት አይረሳኝም፤ ሕፃናቱ የውስጥ ሱሪ ብቻ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አጥልቀው፣ በአንድ የኳርትዝ መብራት ዙሪያ ለጥቂት ደቂቃ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ያ ሥርዓት በብዙ ነገር የሚወቀስ ነበር፤ ወቅሼዋለሁም። ፀሐይ እንደሌላቸው ግን ያውቁ ነበር፤ ስላወቁም መብራቱን ሠሩ።

ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱትን ጥናት ላንሴት በተባለው መጽሔት አነበብሁ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፣ የሳንባ ምች የያዛቸው አምስት መቶ ሕፃናትና ያልያዛቸው ሌሎች አምስት መቶ ተነጻጽረው ነበር። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ሲሰላ፣ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ አሥራ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን በምንልባት አገር! እነዚያ ሕፃናት ከፀሐይ የተለዩት በጥላቻ አልነበረም። እናቶቻቸው ብርድ እንዳይመታቸው፣ ምች እንዳያገኛቸው፣ የሰው ዐይን እንዳይበላቸው ሸፋፍነው፣ በር ዘግተው አቅፈዋቸው ነበር። ከዚያ በላይ የጠነከረ ፍቅር በምድር ላይ አላውቅም። አጥንቱ ግን በፍቅሩ አልጠነከረም።

ታዲያ እናቶቹ ጥፋተኞች ናቸው? አይደሉም። ጥፋትና ዕዳ ለየቅል ናቸው፤ አባት የተበደረውን ልጅ ሲከፍል ስላጠፋ አይደለም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሌላውን ፍጡር በግድግዳ የከለለ ሰው፣ ግድግዳው አብሮ የከለከለውን ሁሉ ለመተካት ባለ ዕዳ ይሆናል። የሚታየውንም፣ የማይታየውንም። ብርድን ስናስቀር ፀሐይን አስቀርተናል፤ ጅብን ስናስቀር ጉድጓዱን፣ ርጥበቱን፣ ሣሩን አስቀርተናል። ሐሳባችን ቀና መሆኑ ከዚህ ዕዳ አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። ዕዳውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ሊከፍለው አይችልምና፣ ለዘጋ ሰው ማወቅ ራሱ ግዴታው ነው፤ እሱ የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው ግዴታው ወደሚያውቀው ሰው ይዞራል። የአዲስ አበባዎቹን እናቶች ዕዳ የምንካፈለው እኛ ነጭ ጋዋን የለበስነው ነን።

አንድ አስተዋይ ሰው «ዕውቀትም ይለዋወጣል፤ ከ2003 በፊት ጫጩቶችን በደረቅ ያሳደጉት የዘመናቸውን ዕውቀት ተከትለው አይደለምን?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ነገር ግን የጫጩቶቹ ድንጋይ በዐይናቸው ፊት ይጎብጥ ነበር፤ እየጎበጠም ሣጥኑን የጠረጠሩት ጥቂቶች ነበሩ። ልጅቷ በየእሑዱ ኤሊዋን በኩሽና ሚዛን እየመዘነች በደብተር እንድትጽፍ ያደረግሁት፣ ዛሬ የምናውቀው ነገ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ቀድማ የምትነግረን ጫጩቷ ስለሆነች ነው።

«ለምን አትለቋትም?» ያሉም ነበሩ። ፌርፋክስ ላይ ነፃነት ሲነሣ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው የለም። ወዴት ትለቀቅ? የሞሃቪ በረሃ የራሱ ኤሊ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የካሊፎርኒያ መለያ ሆኖ በሕግ የሚጠበቅ ነው። ቤት ያደገች ኤሊ የመተንፈሻ በሽታ ይዛ ልትገባበት ትችላለች። እሷም ብትሆን የዚያን በረሃ ውርጭ ተኝታ የምታሳልፍበት ተፈጥሮ የላትም። ሕጉም ይከለክላል። ወደ ሣህል የሚመልሳትም መንገድ የለም። መዝጋቱን ማንም ዛሬ አልመረጠውም፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወላጆቿን በአውሮፕላን ያስጫነ ነጋዴ የተወው ውርስ ነው። ውርስ ደግሞ ከነዕዳው ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ወዳጄ አንብቦት ፈቅዶልኛል። እናቱ ከአዲስ አበባ የመጡት ይህችው ልጅ ስትወለድ አራስ ሊያርሱ ነበር፤ እንደ መጡ ቀሩ። ደረጃው ለጉልበታቸው ከባድ ነው፤ ቋንቋው አይገባቸውም፤ መኪና አይነዱም። ልጃቸው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምግባቸው፣ መድኃኒታቸው፣ የአማርኛ ቴሌቪዥናቸው አልጎደለም። ቀኑን የሚያሳልፉት ከዚያው መስኮት ሥር ባለ ወንበር ላይ ነው፤ የኤሊዋ ሣጥን በነበረበት ስፍራ። አዲሱ መብራት የተተከለ ዕለት ሁላችንም ቆመን ስናይ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እሰይ፤ ለእሷስ መብራት ገባላት» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ ደም አስመረመርኋቸው፤ ቫይታሚን ዲያቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ለዚያ ኪኒን አለው፤ ጽፌላቸው ተስተካከለ። ነገር ግን ግድግዳው ያስቀረባቸው ቫይታሚን ብቻ አይደለም። ዕድሩን አስቀርቶባቸዋል፤ በእግር መሳለሚያ መሄድን፤ ከነጋዴ ጋር ዋጋ መከራከርን፤ ከጧት እስከ ቀትር አርባ ሰው «እንደምን አደሩ» መባልን። ለዚህ ኪኒን የለም። ወዳጄን አልፈርድበትም፤ ለእናቱ ያለውን ፍቅር ዐውቃለሁና። ግን «ምን ጎደለባቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ እንደ ሐኪምም እንደ ወንድምም «ምንም» ልለው አልቻልሁም። አሁን የልጅ ልጃቸው በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ደግፋ ታወርዳቸውና እስከ ፌርፋክስ ይሄዳሉ፤ በአንድ ባለ ሱቅ ደጃፍ ወንበር ይወጣላቸዋል። መንገደኛውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ሦስት ቀን ነው። አራቱ ቀን መስኮቱ ሥር ናቸው።

ልጅቷ በመጪው መስከረም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ያን ጊዜ የሁለቱም ነገር ይነሣል። የአያቷን ቤተሰቡ ይመክርበታል። የኤሊዋ ግን ሌላ ስሌት አለው፤ ሱልካታ ከሰባ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ሲያድግ ከ40 እስከ 50 ኪሎ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ይህ ሣጥን የሚበቃት ቢበዛ ለሌላ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ጓሮ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ መሠረት ያለው አጥርና ለብርድ ሌሊት የሚሞቅ ጎጆ ያስፈልጋታል፤ ወዳጄ ደግሞ ፎቅ ላይ ተከራይ ነው። ፍቅር ጨርሶ የማይከፍለውን ዕዳ ሲገባ፣ በእኛ ባህል ነገሩ ዐደራ ይሆናል፤ ዐደራ በላ መባልን የማይፈራ ሐበሻም አላየሁም። ስለዚህ ከማን ቀጥሎ ማን እንደሚረከባት በወረቀት እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ወረቀቱ ከሣጥኑ ጎን ተለጥፏል። አንደኛ የልጅቷ ስም አለ፤ ሁለተኛ ኢንግልዉድ ጓሮ ያለው የአጎቷ ልጅ፤ ሦስተኛ የእኔ። ኤሊዋ ዛሬ የአሥራ አራት ወር ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ኪሎ ደርሷል፤ ድንጋይዋ ለስላሳ ነው። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በሦስተኛው ቦታ ከእኔ የሚያንስ ሰው እንዲፈለግ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልተገኘም።